ለክቡር የፈረቃ ቅጽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ሠርቼ ሳለ አልሠራህም ስለመባሌ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሁለቱ እግሮቼ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓት የሚመዘገበው እርስዎ ላይ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ስሜ ስለሌለ ራሴን ላስተዋውቅ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በተካሄደ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አድናቂዎች ኮንቬንሽን (ጉባኤ) ላይ ሰይፍ ሳስር የዋልኩት በጎ ፈቃደኛ ነኝ። አዎ፣ ሰይፍ። ባለሰይፉ የካርቱን ጀግናውን ልብስ ለብሶ ይመጣል። እኔ መሣሪያው ፎም ይሁን እንጨት ዳብሼ አረጋግጣለሁ፤ እንዳይመዘዝ እጀታውን ከአፎቱ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሬ፣ የተረፈውን ጫፍ በመቀስ ቆርጬ አሳልፈዋለሁ። አንዱ ጎረምሳ ከቁመቱ የሚረዝም ሰይፍ አምጥቶ «ጋሼ ቀስ፣ ቀለሙ ይላጣል» እያለ ሲለማመጠኝ፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ደረጃውን ወርዶ ነበር።

ሕግዎ ሲነበብ ያምራል። 12 ሰዓት ላገለገለ የባጁ (የመግቢያ ካርዱ) ዋጋ ይመለስለታል፤ ከዚያ ላለፈ ቲሸርት ይጨመርለታል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሠራ አንድ ሰዓት እንደ ሁለት ይታሰባል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው እርስዎ ላይ ሲፈረም ነው። እርስዎ ደግሞ መኖሪያዎ ምድር ቤት፣ ከቡና ማሽኑ ጎን ነው። እኔ ላይኛው ፎቅ፣ በር ላይ ነኝ። ወርጄ ለመፈረም ተተኪዬ መምጣት አለበት። ተተኪዬስ? እርስዎ ላይ በሰዓቱ ፈርሞ፣ ዶናቱን ይዞ፣ እዚያው አጠገብዎ ተቀምጧል። በመዝገብዎ እሱ ጀግና ነው፤ ደርቦ ደርቦ ሠርቷል። እኔ ግን ጭራሽ አልተወለድኩም።

ዕድራችን እንኳ የሚመዘግበው ቀሪውን ነው። ድንኳን ሲተክል የዋለን ሰው «ለመሆኑ ነበርክ?» ብሎ አያውቅም።

ደግሞ ያ የተቆጣጣሪ ፊርማ የሚባለው ዓምድ! ተቆጣጣሪዋን በሬዲዮ እንጂ በዓይን ያየ ሰው የለም። እስክሪብቶዎም በገመድ ታስሯል፤ ሌባ እንዳይወስደው መሆኑ ነው። ቀለም የሌለውን እስክሪብቶ ማን ይሰርቃል? እኔ እንኳ ስንት ሰይፍ አስሬ እንዲህ ያለ አጉል እስረኛ አላጋጠመኝም።

የምሳውን ነገር ባላነሳው ይሻል ነበር። 30 ደቂቃ ይቀነሳል፣ ይሁን። ግን 9ኛውን ጎዳና ይዤ ሽቅብ ወደ ዩ ስትሪት፣ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ወጥቼ፣ ሽሮ አዝዤ፣ በልቼ፣ በ30 ደቂቃ የምመለስ ሯጭ ብሆን ኖሮ አሁን ሰይፍ አስር ነበር?

አጠገቤ የነበረችው ተማሪ ከእኔ ይልቅ ታሳዝናለች። ሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል፤ ዲሲ 100። እናቷ ሊወስዷት መጥተው ሰማያዊውን ዊግ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የጠየቁት «ሰዓቱን ጻፉልሽ?» ብቻ ነው። ልጅቷ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዘወር ብላ አየች። ምን ትበል?

በትውልድዎ እንደሚኮሩ አውቃለሁ። ወርልድኮን የሚባለው የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ ከተጀመረ ወዲህ የሚቆመው በደመወዝ አልባ አድናቂዎች ጫንቃ ነው። እዚያ አለቆቹም ባጃቸውን በኪሳቸው ነው የሚገዙት፤ ገንዘብ ከተረፈ ኋላ ይመለስላቸዋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግም ከ1938 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሰውን በበጎ ፈቃድ ስም በነፃ እንዲያሠራ አይፈቅድም። ለትርፍ ያልቆመው ግን ይችላል። ይህን ጠቅሼ ስለ ቲሸርቴ ብጠይቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ «ቲሸርቱ ደመወዝ አይደለም፣ ስጦታ ነው» አለኝ። መልካም። ስጦታ ከሆነ ፊርማዬን ምን ያደርግለታል? ደመወዝ ከሆነስ ቲሸርት ብቻ ነው እንዴ?

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከቡናው አጠገብ ተነሥተው አንድ ቀን ብቻ ወደ በሩ ይውጡ። መቆሚያ አዘጋጅልዎታለሁ። መድከምዎ የሚመዘገበው ግን ወርደው ሲፈርሙ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ስም፦ በመዝገብዎ ያልተገኘ

ግልባጭ፦
ለቡና ማሽኑ (የዓይን ምስክር ስለሆነ)
ለተቆጣጣሪዋ (በሬዲዮ)
ለተተኪዬ፣ ባሉበት። በሩ ላይ እስካሁን እየጠበቅኩዎት ነው።