ለጅማ አየር የቱ ሰንጢ ይሻላል?

ስለ ኪስ ሰንጢ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ኦፒኔል ቁጥር 8ን (የእንጨት እጀታ ያለውን የፈረንሳይ ታጣፊ ሰንጢ) ከስዊሱ የኪስ ሰንጢ ከቪክቶሪኖክስ አስበልጦታል። ምክንያቱ የካርቦን ብረቱ ቶሎ መሳሉ ነው። እሱስ ልክ ነው። ግን ጸሐፊው አንድ ክረምት ጅማ ቢከርም ኖሮ ትንሽ የሚያመነታ ይመስለኛል። እዚህ ዝናቡ ለወራት አይለቅም፤ ካርቦን ብረት ደግሞ እርጥበት አይወድም። አቮካዶ ቆርጠህ ሳትጠርገው ኪስህ ከከተትከው ቶሎ ይጠቁራል። ሎሚማ አይነሳ! የእንጨት እጀታውም ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አንቆ ይይዘዋል። ያኔ በጥፍር መክፈት ጣጣ ነው።

ኦፒኔል ለሚወድ መላ አለው። ያው ቁጥር 8 በማይዝግ ብረትም ይሠራል። እኔ ብሆን ያንን ነው የምገዛው።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር መቆለፊያው ነው። ኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ የሚዞር ቀለበት አለው፤ ስለቱ ተከፍቶ ይቆለፋል። የተለመደው፣ ሲታጠፍ 91 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ቪክቶሪኖክስ ግን ስለቱን የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ማንጎ ለመላጥ ይበቃል። የቡና ጆንያ ስፌት በጫፉ ወግተህ ስትፈታ ግን ድንገት ሊታጠፍና ጣትህ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንደዚህ ላለ ሥራ ከዚያው ፋብሪካ 111 ሚሊ ሜትሩን መፈለግ ነው። እሱ ይቆለፋል። ኪስ ውስጥ ግን ይከብዳል፣ ሱሪም ይጎትታል።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡትን ስትገዙ ከፍታችሁ ስለቱን ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ተዉት።

ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ፣ ሰንጢውን በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። በእጅ ይዞ መግባት አይቻልም።