ጥግግቱስ ድሮም አለ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ የምትገኘው የቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድባቸው በነበሩ ሰፈሮቿ፣ እንደ ቦታው ስፋት እስከ ስድስት መኖሪያ የያዘ ሕንፃ እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አጽድቃ ነበር። ለእኛ ለጎንደሮች ይህ ለጠብ የሚያበቃ ነገር አይመስለንም። እዚያ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎበታል፤ በየደጁ የድጋፍና የተቃውሞ ሰሌዳ ተተክሎበታል፤ ተቃዋሚዎቹ ከስሰው በ2024 ደንቡን ቢያሽሩትም በማግሥቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ መልሶ ሽሮታል። ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለሚቆረጡ ዛፎች፣ ስለሚጣበቡ ትምህርት ቤቶች የተነሣው ስጋት ከፊሉ እውነት ሲሆን፣ ከፊሉ ግን ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ጎረቤት እንዳይሆን የሚቀርብ ሰበብ መሆኑን ለመረዳት አይከብድም። (ቤት የገዛው አበሻም ከዚህ ወገን አይታጣም፤ በኪራይ ሳለ የተናገረውን ሁሉ ቁልፍ በተረከበ ማግሥት የሚረሳ አይቻለሁ።)

ጎንደር ስገባ የማገኘው ክርክር ተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ ወደ አዘዞ አቅጣጫ በእርሻ መሬት ላይ እየተለጠጠች ስትሄድ፣ ፕላን የሚያወጣው ወገን ፎቅ ይሠራ ይላል፤ በማኅበር ተደራጅቶ ምሪት የሚጠብቀው ደግሞ የራሱን ካሬ ይፈልጋል። የማኅበር አባል የሆነው የአክስቴ ልጅ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ደጄን ከፍቼ መሬት ካልረገጥሁ ቤት አለኝ አልልም» ብሎኛል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የውሃው ግፊት ሲደክም ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ ማጣት ተራ ቅሬታ አይደለም። ለዚህ ተብሎ በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት ቢታሰብም፣ ማን ያጽዳው፣ ማን ቁልፉን ይያዝ በሚለው ንትርክ ተቆልፎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ የአክስቴ ልጅ ስለ ነባር ቤቱ ያልነገረኝን ግቢው ራሱ ይናገራል። ከዋናው ቤት ጀርባ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በአንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሌላው ባልና ሚስት ከሕፃናቸው ጋር፣ በጫፉ አንዲት የቀን ሠራተኛ ይኖራሉ። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ የውሃ ቆጣሪውም አንድ ነው። የአርሊንግተን ሰዎች ለዓመታት የተካሰሱበትን ጥግግት ጎንደር ያለ አንድ ስብሰባ ከፈጸመችው ቆይታለች፤ የመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ግን ይህንን ግቢ ዛሬም የሚያውቀው የአንድ አባወራ መኖሪያ አድርጎ ነው።

ጉዳቱ ውሃው ላይ ይታያል። የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶት ውሃ በፈረቃ በሚታደልባት ከተማ፣ ተራው ሌሊት ሲደርስ ቤተሰቡ ነቅቶ ሮቶውን ይሞላል፣ ተከራዩ ደግሞ ባለቤቱ እስኪጨርስ ባልዲውን ይዞ ይጠብቃል። መስመሩ ወደ አዲስ ሰፈር በረዘመ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፣ ግፊቱም ይደክማል፤ መንገዱና የፍሳሽ መውረጃውም እንዲሁ። ስለዚህ የምሪቱን ካሬ አነስ አድርጎ፣ በየመንገዱ ዳር ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቅይጥ ቤት መፍቀድ፣ ከኋላ ለጓሮ የሚሆን መሬት መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ለናሙና ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ፒያሳ በዚሁ መልክ ቆሞ ዛሬም የከተማዋ ደማቅ ሰፈር ነው። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ግን ከፍታው ጠበቅ ተደርጎ ቢወሰን እመርጣለሁ።

አርሊንግተኖችን በአንድ ነገር እቀናባቸዋለሁ። እዚያ ተከራዩም ተመዝግቦ፣ ተራው ሲደርስ ከሹማምንቱ ፊት ቆሞ የሚያስፈልገውን ይናገራል፤ ንግግሩም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። እኛ ዘንድ ስለ አዲስ ሰፈር ሲመከር የሚጠራው የማኅበሩ ኮሚቴ፣ ካሳ የሚጠብቀው ገበሬና ባለ ይዞታው ነው። በሰርቪስ ክፍል የሚያድረው ጎንደሬ በየትኛውም መዝገብ ስሙ ስለሌለ ለስብሰባ የሚጠራው የለም፤ የአዲሱ ሰፈር ግቢዎች ጀርባ ገብቶ የሚከራየው ግን እሱ ነው።