እርማት፦ ጥቅሱ «ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» አይልም

ወንድሜ፣ ኑሮን በእምነት ስለማቅለል የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። «መጽሐፍ ቅዱስ ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ስለሚል ኑሮ የሚቀለው ከገንዘብ በመራቅ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ ጥቅሱ ግን እንዲያ አይደለም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10 የሚለው «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነውና» ነው። «መውደድ» የምትለዋ ቃል ስትወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ኪሱ ባዶ የሆነ ሰውም ገንዘብን ሊወድ ይችላል። እኔ ራሴ እጄ ላይ ምንም ባልነበረኝ ጊዜ ጠዋት ከመጸለዬ በፊት ስልኬን አንስቼ የማየው የባንክ ሂሳቤን ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስሜቴን የሚወስነውም ያ ቁጥር ነበር።

ጳውሎስ እዚያው ቁጥር 8 ላይ «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» ይላል። ቁጥር 17 እና 18 ላይ ደግሞ ባለጠጎችን ሀብታችሁን ጣሉ አይላቸውም፤ ተስፋችሁን በእሱ ላይ አታድርጉ፣ ለመርዳትና ለማካፈል ተዘጋጁ ነው የሚላቸው።

ብታስተካክለው ደስ ይለኛል። ደመወዙን ለቤተሰቡ እያብቃቃ የሚኖር ሰው ይህን አንብቦ ኃጢአት የሠራ እንዲመስለው አልፈልግም።