የልደት ቀን የሚጠይቅ ዋይፋይ

ለንደን ውስጥ የሰው ገመና የተከበረ ነው። ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ዓይናቸው ድንገት የሌላው ስልክ ላይ ቢያርፍ እንኳ አፍረው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይኸው ሕዝብ ታዲያ የገበያ ማዕከል ገብቶ በነጻ ዋይፋይ ለመጠቀም ሲል ሙሉ ስሙን፣ ኢሜይሉን፣ የሰፈሩን ፖስታ ኮድና የትውልድ ቀኑን ያለ አንዳች ማጉረምረም ይሞላል። እኔም ለእናቴ በቴሌግራም ድምፅ ልልክ ብዬ ይህንኑ ሁሉ ተጠየቅሁ። የተወለድኩበትን ቀን ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት፤ የገበያ ማዕከሉ ምን አገባው?

አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ሰው፣ አስተናጋጇ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ትጽፍለታለች። በዚያው ቅጽበት የገባ መልእክት ካለም ታነበዋለች፤ ፓስዎርዱም ብዙ ጊዜ የቤቱ ስልክ ቁጥር ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ይህ ጥንቃቄ ነው አልልም። ነገር ግን ሒሳብ ተከፍሎ ሲወጣ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ አስተናጋጇ በልደቴ ቀን የቅናሽ ማስታወቂያ አትልክልኝም። የለንደኑ ግን ላከልኝ።

ብዙዎቻችን በነጻ ዋይፋይ የምንፈራው አጠገባችን ኮምፒውተሩን ከፍቶ የተቀመጠውን ወጣት ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች የተመሰጠሩ በመሆናቸው ያ ወጣት የጻፍነውን ማንበብ ይከብደዋል። የዋይፋዩ ባለቤት ግን የትኛው ስልክ መቼ እንደመጣና አብዛኛውን ጊዜም የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘ ያያል። የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ለአራት ሳምንታት በ54 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ባካሄደው ሙከራ፣ ዋይፋያቸው የበራ ከ5 ሚሊዮን በላይ ስልኮችንና መሰል መሣሪያዎችን እንቅስቃሴ ተከታትሏል። እርግጥ ነው፣ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የስልኮቹንም መለያ ቀይሮ ነው የያዘው። መከታተሉን ያልፈለገ መንገደኛ የነበረው አማራጭ ግን ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው የማንቸስተሩ ነው። ፐርፕል የተባለው የዋይፋይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ሆን ብሎ በውሉ ውስጥ የ1,000 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ፣ መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን ጨምሮ፣ አስገባበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ22,000 በላይ ሰዎች «እስማማለሁ» ብለው አለፉ፤ ነገሩን ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ካፌ የከፈተው የአክስቴ ልጅ ስለ ልደቱ መልእክት ሳማርርለት፣ ያዝንልኛል ስል «አሪፍ ነገር ነው፤ እኛም እናስገባው» አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዳለ፣ ደንበኛውም ምን ላይ እንደሚስማማ አውቆ መፍቀድ እንዳለበት ነገርኩት። «አይ ወንድሜ፣ ማን ያነበዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። የማንቸስተሩን ታሪክ ገና አልነገርኩትም ነበር።