ማስተካከያ፦ ስለ ፒኤች መለኪያ አያያዝ

በቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ስለ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ አመራረጥና አያያዝ ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ የመለኪያው ጫፍ ከሥራ በኋላ በተጣራ ውሃ ተነክሮ ይቀመጥ ብዬ ነበር። ይህ ስህተት ነው፤ ምክሬን ተከትለው መለኪያቸው የተበላሸባቸውን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተጣራ ውሃ ጨው ስለሌለው በኤሌክትሮዱ (በመለኪያው የሚያነብ ጫፍ) ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አልረጋ ይላል፣ የመሣሪያውም ዕድሜ ያጥራል። የተጣራው ውሃ ለማለቅለቂያ ብቻ ነው። ጫፉ ከታጠበ በኋላ ሳይፈተግ በለስላሳ ወረቀት ውሃው እንዲመጠጥ ይደረጋል፤ ከዚያም በክዳኑ ውስጥ 3 ሞላር በሚባል ጥንካሬ በውሃ የሟሟ ፖታሲየም ክሎራይድ ጥቂት ጠብታ ተጨምሮ ይከደናል። በክዳኑ ዙሪያ የሚጋገረው ነጭ ጨው ብልሽት አይደለም፤ በውሃ ይለቃል።

ሙቀትን በራሱ የሚያካክስ መለኪያ በትኩስ የብቅል ድፍድፍ ውስጥ ቢነከር ችግር የለውም ማለቴም መታረም አለበት። ማካካሻው የሚያስተካክለው የኤሌክትሮዱን ምላሽ እንጂ ድፍድፉ ራሱ ሲሞቅ የሚያሳየውን ለውጥ አይደለም፤ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚነበበው ቁጥር ድፍድፉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሚነበበው በ0.3 ገደማ ያንሳል። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ከ5.2 እስከ 5.6 ያለው መጠን በክፍል ሙቀት ለሚለካ ናሙና ስለሆነ፣ ጥቂት ማንኪያ በስኒ ቀድቶ እስከ 25 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ትኩሳቱ የኤሌክትሮዱን መስታወትም ይጎዳል።

ፒኤቻቸው 7.00 እና 4.01 መሆኑ በታወቀ ማመሳከሪያ ፈሳሾች መለኪያውን ስለማስተካከል የጻፍኩት እንዳለ ይጸናል።