ማስተካከያ፦ ጂፒኤስ ፍየሏ ምን እንደምትሠራ አይነግርም

ባለፈው ሳምንት እንስሳት አንገት ላይ ስለሚታሰር ሴንሰር ስጽፍ፣ «ጂፒኤሱ ፍየሏ እየበላች ይሁን እያረፈች ይነግራል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጂፒኤስ የሚነግረው የት እንዳለች ነው። ምን እያደረገች እንደሆነ ይበልጥ የሚጠቁመው አክስለሮሜትር ነው፤ ስልካችንን ስናጋድመው ስክሪኑን የሚያዞረው ዓይነት ትንሽ ቺፕ።

ነገሩ የገባኝ እዚሁ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የጎረቤታችንን ፍየል ሳይ ነው። ግድግዳ ጥላ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ጂፒኤስ ቢታሰርላት «እዚያው ናት» ከማለት አያልፍም። መንጋጋዋ ግን እረፍት የለውም። ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ትንሽ ቆም ትላለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ እብጥ ያለ ነገር ሽቅብ ሲወጣ ይታያል፤ ደግሞ ማኘክ። አክስለሮሜትር ይህን ምት በ3 አቅጣጫ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። የመሬት ስበትም ስለሚሰማው አንገቷ ወደ ታች ማዘንበሉን ያሳያል።

ከአክስለሮሜትሩ ንባብ ፍየሏ ምን እያደረገች እንደሆነ «ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል» ማለቴም ልክ አልነበረም። መጀመሪያ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ወይም ቪዲዮ እያየ፣ «ይሄ ማመስኳት፣ ይሄ ግጦሽ» እያለ ምልክት ማድረግ አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ቢሠራው ይሻላል ባይ ነኝ። ሞዴሉ፣ ማለትም ንባቡን አይቶ ድርጊቷን የሚለየው ፕሮግራም፣ የሚማረው ከዚያ ነው። ሲፈተን ደግሞ አይቷት በማያውቃት ፍየል ይሁን። በተማረባት ከተፈተነማ ውጤቱ ያለ ልክ ያምራል።

ማሰሪያው ላልቶ ከዞረም ንባቡ ይለወጣል። ያንን ጭራሽ አላነሳሁትም ነበር።