ጣሪያው ቢያፈስም ዕቅዱ አያፈስም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ቡና ተጠርቶ ዕቅድ ያልተነበበለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ተነቦልኛል። ጳጉሜን ገብታ፣ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ሳያራግፍ፣ ፈንድሻው ሳይበተን አባወራው ከኪሱ ወረቀት መዘዘ። "በአዲሱ ዓመት ቤቱን ልናድሰው ነው" አለና ጀመረ። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ ምርጊት፣ ሊሾ፣ አጥር። አቦል ተጠጥቶ አለቀ፤ ገና ጣሪያው ላይ ነን። ቶናው ሲያልቅ ኮርኒስ ደረስን። በረካው ሲቀዳ ከዚያው ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ወርዶ ስኒዬ ውስጥ ጠብ አለ። ማንም አልደነገጠም።

"አብሽር፣ እሱም ዕቅዱ ውስጥ አለ" ተባልኩ።

እንዲህ ያለ ልማድ ሳይመሰገን ሊቀር አይገባም። ቤት ማደስ ገንዘብ ይጨርሳል፣ አቧራ ያስነሳል፣ ከአናጢ ያጣላል። ዕቅድ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲሚንቶ ቢወደድ ዕቅድን ምን ይነካዋል? እንዲያውም ዕድሜ ይጨምርለታል። "ዋጋው ይረጋጋ ብለን ነው እንጂ…" ይባላል፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ደግሞስ የታደሰ ቤት ምን ወሬ አለው? አንድ ቀን "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይባልና ያልቃል። ያልታደሰ ቤት ግን በየዓመቱ ቡና ያስፈላል።

ከሁሉም የማደንቀው ባለ ሜትሩን ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ጳጉሜን በገባች ቁጥር ጣሪያውን ያስለካል። አናጢ ይጠራል። አናጢው ሲመጣ መሰላል የለም። መሰላል ከጎረቤት ይመጣል። ሁለት እርከን የጎደለው መሰላል ነው፤ እርከኖቹ በጎረቤትየው ዕቅድ ውስጥ አሉ። አናጢው እንደምንም ይወጣና ከላይ ይጮኻል፤ "አራት ሜትር ከሠላሳ!" ልጁ ከታች ይጽፋል። አባት ያርማል፤ "አምና አራት ከሃያ ነበር!" ክርክር ይነሳል። ቤቱ ነው የሰፋው ወይስ ሜትሩ ነው ያጠረው? ሜትሩ ሲመረመር ጫፉ ተቆርጦ ይገኛል። እንደገና ይለካል። መሀል ላይ ዝናቡ ይመጣል። አናጢው ይወርዳል፣ ምሳ ይበላል፣ ሲያባራ ተመልሶ ይወጣል።

ከዚያ የቆርቆሮው ጉባኤ ይከፈታል። ባለ 32 ጌጅ ይሁን ባለ 28? ኮምቦልቻ ላለው አጎት ይደወላል። አጎት 28ቱ ወፍራም ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው ይላል። 28 ይጸድቃል። ላልተገዛ ቆርቆሮ ወፍራሙን መምረጥ ምን ይገዳል? ሒሳቡ ተሠርቶ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ይገለበጣል። ርዕሱ ላይ ግን ችግር የለም። "የ2015 ዕቅድ" የሚለው 5 ተሰርዞ 6 ሆኗል፣ 6ቱ 7 ሆኗል፣ 7ቱም 8። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ትርፏን ቀን አላባከናትም፤ ሽንት ቤቱን አስለካባት። በ2019 መጨረሻ ስድስተኛዋ ቀን ስትመለስ ምን እንደሚያስለካ ፈጣሪ ይወቅ።

አላለቀም። ዕቅዱ በመጨረሻ ሳሎን ይለጠፋል፤ ልክ ግድግዳው በተሰነጠቀበት ቦታ ላይ። ስንጥቁ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ዕቅዱ የፈጸመው ሥራ ቢኖር ይኸው ነው። ዘንድሮ ስንጥቁ ከወረቀቱ አልፎ ቢወጣበት፣ ዕቅዱን ካርቶን ላይ አጻፈው።

አናጢው ምሳውን ላለማስቀየም ዝም አለ እንጂ ጣሪያው ለምን እንደሚያፈስ አንዴ ሲወጣ አይቶታል። የቆርቆሮ ሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሚስማሩም ጉብታው ላይ መመታት ሲገባው ውሃው በሚወርድበት ስርጉድ ላይ ነው የተመታው። ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ባለ ጎማ ሚስማር ጉብታው ላይ መምታት ነው። ከምሳ በፊት ያልቃል። ግን ምን ተብሎ ቡና ላይ ይነበባል? "ሚስማር፣ ሦስት"?

ጊዜ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። መስከረም ገና ያካፋል፤ መስቀል ይለፍ። ጥቅምትና ኅዳር ደረቅ ናቸው፤ ግን አጨዳ ነው፣ ለምርጊቱም ጭድ አልወጣም። ጭዱ ሲወጣ ገና ይመጣል። ጥር ሠርግ ነው። የካቲት ላይ ወገባችንን ስንታጠቅ በልግ ይጥላል፤ አንዳንዱ አገር ክረምት ብቻ ሲፈራ ለእኛ ለወሎዎች በልግም ተመርቆልናል። ጾሙ አለ፣ ፋሲካው አለ፣ ረመዳኑ አለ፣ ዒዱ አለ። ክርስቲያን እስላሙ በዓሉን አብሮ ነው የሚያከብረው፤ ስለዚህ ሰበቡንም አብረን ነው የምንካፈለው። ሰኔ ላይ ደግሞ "አሁን ማን ጣሪያ ይነካል?"

አንዱ ዓይነት ግን አያስቀኝም። ከላይ ዋናው ቤት ተቀምጦ ከታች ያሉትን ክፍሎች የሚያከራየው። ደሴ ተዳፋት ናት። ከላይ የተለቀቀ ውሃ ከታች ያለው ሰው ጓዳ ነው የሚገባው። የዚህ ሰውዬ አሸንዳ ተገንጥሎ ስንት ክረምት አለፈ። የጣሪያው ውሃ ቀጥ ብሎ የተከራዩ የጀርባ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። ልጅ እርጥብ ግድግዳ ስር ተኝቶ ሲያስል ያነጋል። እናቱ ስትጠይቅ "በአዲሱ ዓመት ዕቅድ ይዘናል" ይላታል። የኪራይ ጭማሪው ግን ዕቅድ አይፈልግም፤ መስከረም 1 ብሎ ይጀምራል! ግማሽ ቀን አካፋ ይዞ ቦይ ለመቅደድ ዕቅድ ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት ማቆላመጥ ነው። ጨካኝ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በሰፈራችን አንዲት እትዬ አሉ። ዕቅድ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ያሳዝናሉ። አምና ታኅሣሥ ሰኞ ገበያ ወጥተው ጭድ አስጭነው መጡ። ጭቃውን ከልጆቻቸው ጋር በእግራቸው አቦኩት፣ እስኪብላላ ቀናት አቆዩት፣ ከዚያ የጀርባ ግድግዳቸውን መረጉት። ባለ ሜትሩ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ሜትሩን አውጥቶ ለካ።

"ጥሩ ነው" አላቸው። "ግን ያለ ዕቅድ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ተጣድፏል።"

እሳቸውም ደግ ናቸው፤ ጭቃ ተርፎኛልና ውሰድ፣ ያቺን ስንጥቅ ድፈንባት አሉት።

"ለከርሞ ይቀመጥልኝ" አላቸው።